ስለ ቪዲዮ ጨዋታና ስለ ሻጮቹ፤ የሦስት ትውልድ ልዩነት

ጨዋታ ከሰው ልጅ ጋር አብሮ የኖረ ነገር ነው። በአገራችን ጐረምሶች በገና ሰሞን ሩሯን በዱላ እየመቱ፣ ሽማግሌዎችም በዛፍ ጥላ ሥር ጠጠር እየቈጠሩ ገበጣ ሲጫወቱ ኑረዋል። ጨዋታ ድካምን ያስረሳል፤ ዓይንንና እጅን ያፈጥናል፤ መሸነፍን ያለ ቂም መቀበልን፣ ማሸነፍንም ያለ ትዕቢት መያዝን ያስተምራል። ስለዚህ ጨዋታን በጠቅላላው የሚነቅፍ ሰው አስተዋይ አይባልም። ይሁን እንጂ አንድ ነገር ልብ ልንል ይገባናል። ገበጣውን ከእንጨት ፈልፍሎ ያዘጋጀው ሰው ተጫዋቾቹ ስንት ሰዓት እንደ ተቀመጡ አይቈጥርም ነበር፤ ጠጠሩም «ነገ ተመልሰህ ካልመጣህ ያገኘኸውን ታጣለህ» ብሎ ማንንም አያስፈራራም ነበር።

ዛሬ በብዙ ቤቶች፣ በአዲስ አበባም ሆነ በውጭ አገር በሚኖሩት ወገኖቻችን ዘንድ፣ በወላጅና በልጅ መካከል አንድ ዓይነት ክርክር ይሰማል። አባት «በቃህ፤ አጥፋው» ይላል፤ ልጅ «አሁን አይቻልም» ብሎ ይመልሳል። አባት ነገሩን አለመታዘዝ ይለዋል፤ ልጅም በልቡ «አባቴ አይገባውም» ይላል። እኛ ግን ነገሩን በጥሞና ብንመረምረው ሁለቱም ስለ አንድ ነገር የሚነጋገሩ አይደሉም። አባት የሚያውቀው የቪዲዮ ጨዋታና ልጁ በእጁ የያዘው የቪዲዮ ጨዋታ በስም አንድ ሲሆኑ በአሻሻጣቸው እጅግ የተለያዩ ናቸው። የተጫዋቹን ልማድ የሚቀርጸው የራሱ ጠባይ ብቻ ሳይሆን ገንዘቡ የሚከፈልበት ጊዜና መንገድ ጭምር ነው። በዚህ ጽሑፍ ልናስረዳ የምንፈልገው ይህንኑ ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

፩፤ ተራ በሳንቲም የሚገዛበት ዘመን

በ1972 በአሜሪካ አገር በካሊፎርኒያ አታሪ የተባለው ኩባንያ «ፖንግ» የሚባል ጨዋታ ሠራ። ጨዋታው እጅግ ቀላል ነበር፤ በቴሌቪዥን መስኮት ላይ ሁለት አጫጭር መስመሮች እንደ ጠረጴዛ ቴኒስ መምቻ ወደ ላይና ወደ ታች እያሉ አንዲት ነጥብ ይቀባበላሉ። የመጀመሪያው ሣጥን በሰኒቬል ከተማ በአንድ መጠጥ ቤት ውስጥ ተተከለ። ጥቂት ቆይቶ «ሣጥኑ ተበላሽቷል» ተብሎ የሠራው መሐንዲስ አለን አልኮርን ቢጠራ፣ የሳንቲሙ መቀበያ ከመጠን በላይ ሞልቶ አገኘው። ከዚህ በኋላ ንግዱ በዓለም ተስፋፋ። በ1978 የጃፓኑ ታይቶ ኩባንያ «ስፔስ ኢንቬደርስ» የተባለውን፣ በ1980ም ናምኮ የተባለው ኩባንያ «ፓክ ማን» የተባለውን ጨዋታ አወጡ፤ ሁለቱም በየከተማው ስማቸው የታወቀ ሆነ።

የዚህን ንግድ ጠባይ ማስተዋል ይገባል። በአሜሪካ የአንድ ተራ ዋጋ ብዙውን ጊዜ 25 ሳንቲም ነበር። ባለ ሣጥኑ ትርፍ የሚያገኘው ጨዋታው ሲጀመር እንጂ ሲራዘም አይደለም። አንዱ ተጫዋች በአንድ ሳንቲም ግማሽ ሰዓት ቢቆይ ሌላው ወረፋ ጠባቂ ሳንቲሙን እንደ ያዘ ይቀራል። ስለዚህ ጨዋታው ሆን ተብሎ ከባድ ሁኖ፣ ቶሎ እንዲያልቅ፣ ነገር ግን በተሸናፊው ልብ «አንድ ጊዜ ብደግም አሸንፋለሁ» የሚል ተስፋ እንዲያሳድር ተደርጎ ይሠራ ነበር።

የዚያ ዘመን ተጫዋች ልማድም ከዚሁ የመጣ ነው። ጨዋታው በአደባባይ ነበር፤ ልጁ ቁሞ ይጫወታል፤ ከኋላው ሌሎች ቁመው ይመለከታሉ። ኪሱ ባዶ ሲሆን ጨዋታው ያበቃል። እናቱ የሰጠችውን ሳንቲም መጠን ስለምታውቅ ስንት ጊዜ ሊጫወት እንደሚችል ታውቃለች። ቢሆንም ወላጆች በዚያን ጊዜም ሳይሠጉ አልቀሩም። በቴክሳስ ክፍለ ሀገር የሜስኪት ከተማ ከ17 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ያለ ወላጅ ወይም ያለ አሳዳጊ ወደ እንደዚህ ያሉ መጫወቻ ቤቶች እንዳይገቡ ደንብ አውጥታ፣ ክርክሩ እስከ አገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1982 ታይቷል። እንግዲህ «ልጆቻችን በጨዋታ ጠፉ» የሚለው ሮሮ ዛሬ የተጀመረ አይደለም።

፪፤ ጨዋታው እንደ ዕቃ የተሸጠበት ዘመን

አታሪ በ1977 ከቤት ቴሌቪዥን ጋር የሚያያዝ መሣሪያ ለገበያ አቀረበ። ተጫዋቹ መሣሪያውን አንድ ጊዜ ገዝቶ፣ ጨዋታዎቹን በካሴት በካሴት እየገዛ ይለዋውጣል። ይህ ንግድ በመጀመሪያ በፍጥነት አደገ፤ ነገር ግን ብዙዎች በችኰላ የተሠሩ ደካማ ጨዋታዎችን በገበያ ላይ ስላፈሰሱ በ1983 በአሜሪካ ገበያው ወደቀ። አታሪ ሳይሸጡ የቀሩትን ካሴቶች በዚያው ዓመት በኒው ሜክሲኮ በአላሞጎርዶ ከተማ በቈሻሻ መጣያ ውስጥ ቀበራቸው፤ በ2014 ሰዎች ቈፍረው አውጥተዋቸዋል። ገዢ አንድ ጊዜ ሊታለል ይችላል፤ ሁልጊዜ ግን አይታለልም።

ከዚህ ውድቀት የተማረው የጃፓኑ ኒንቴንዶ ነው። ይህ ኩባንያ በ1889 በኪዮቶ ከተማ የመጫወቻ ካርታ ለመሥራት የተቋቋመ ነበር። የራሱን መሣሪያ በ1983 በጃፓን አወጣ፤ በ1985 በአሜሪካ ሲያወጣው ደግሞ ያልተፈቀደ ካሴት እንዳይሠራ የሚከለክል ቍልፍ በውስጡ አኖረ፤ ለሌሎች ኩባንያዎችም በዓመት ከ5 ጨዋታ በላይ እንዳያወጡ ወሰነባቸው። በ1985 የወጣው «ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ» ከ40 ሚሊዮን በላይ ተሸጧል። በ1989 የወጣው «ጌም ቦይ» የተባለው ትንሽ መሣሪያ ደግሞ ሩሲያዊው አሌክሲ ፓጂትኖቭ በ1984 በሞስኮ የፈጠረውን «ቴትሪስ» ይዞ በየሰዉ ኪስ ገባ።

በዚህ ዘመን ሻጩ ገንዘቡን የሚቀበለው አንድ ጊዜ፣ ያውም በመጀመሪያ ነው። ገዢው ካሴቱን ይዞ ወደ ቤቱ ከገባ በኋላ ለሦስት ሰዓት ቢጫወተው ወይም ለሦስት ዓመት፣ ለሻጩ ያው ነው። ስለዚህ የሻጩ ምኞት ገዢው ረክቶ የሚቀጥለውን ካሴት እንዲገዛ ነበር። ጨዋታውም እንደ ተረት መጀመሪያና መጨረሻ ነበረው፤ የመጨረሻውን ጠላት ድል ያደረገ ልጅ «ጨረስሁት» ብሎ በኵራት ይነሣል።

ልማዱም አብሮ ተለወጠ። ጨዋታው ከመጠጥ ቤት ወጥቶ ወደ ሳሎን ገባ። ቴሌቪዥኑ የቤተ ሰቡ ሁሉ ስለ ነበረ፣ ዜና ሲደርስ አባት ያጠፋዋል። ካሴቱ ዕቃ ስለ ሆነ ይዋሳል፣ ይለወጣል፣ ለታናሽ ይወረሳል፣ በግማሽ ዋጋ ይሸጣል። ልጁ ካሴቱን የራሱ ገንዘብ አድርጎ ያየው ነበር፤ በእውነትም የራሱ ነበር።

፫፤ በአገራችን የሆነው

በእኛ አገር የነገሩ ቅደም ተከተል ከዚህ ይለያል። በአሜሪካና በጃፓን በሳንቲም የሚሠራው ሣጥን ቀድሞ፣ የቤቱ መሣሪያ ተከተለ። በእኛ ከተሞች ግን ለብዙው ወጣት የቪዲዮ ጨዋታ በር የከፈተለት ሶኒ የተባለው ኩባንያ በ1994 በጃፓን ያወጣው ፕሌይስቴሽን፣ ይልቁንም በ2000 የተከተለው ሁለተኛው ፕሌይስቴሽን ነው። ይህ ሁለተኛው በዓለም ከ155 ሚሊዮን በላይ የተሸጠ ነው።

ነገር ግን ለአንድ ቤተ ሰብ ሳሎን ታስቦ የተሠራው መሣሪያ በእኛ ዘንድ የሰፈር መተዳደሪያ ሆነ። አንድ ሰው መሣሪያውን ገዝቶ፣ ቴሌቪዥን አቁሞ፣ አግዳሚ ወንበር ዘርግቶ፣ በጨዋታ ወይም በሰዓት እያስከፈለ «ፕሌይስቴሽን ቤት» ይከፍታል። ሥርዓቱም በየመንገዱ ዳር ከምናየው ከጆተኒው የተወረሰ ይመስላል፤ ወረፋ ይያዛል፤ ተመልካቹ ይፈርዳል፤ ብዙ ጊዜም የተሸነፈው ከፍሎ ይነሣል። ስለዚህ የእኛ ወጣት የሁለተኛውን ዘመን ዕቃ በመጀመሪያው ዘመን አሻሻጥ ተጫወተው ማለት ነው። ይህ ሥርዓት ጕድለት አልነበረበትም አንልም፤ ትምህርቱን ትቶ በዚያ የዋለ ልጅ ብዙ ነው። ቢሆንም ልጁ የት እንዳለ ሰፈሩ ያውቃል፤ ባለቤቱም በሩን ዘግቶ ወደ ቤቱ የሚሄድበት ሰዓት አለው። ይህን ልብ ብለን ወደ ሦስተኛው ዘመን እንለፍ፤ እርሱ የሚዘጋ በር የለውምና።

፬፤ «በነፃ» የሚሰጥበት ዘመን

የሦስተኛው ዘመን ምልክቶች ቀስ በቀስ ታዩ። በ2004 የወጣው «ወርልድ ኦፍ ዎርክራፍት» የተባለው በኢንተርኔት የሚጫወቱት ጨዋታ ዋጋው ከተከፈለ በኋላ በየወሩ ወደ 15 ዶላር ያስከፍል ነበር፤ በ2010 ከፋዮቹ 12 ሚሊዮን ደርሰዋል። በ2006 ደግሞ ቤቴስዳ የተባለው ኩባንያ «ኦብሊቪየን» በተባለው ጨዋታ ውስጥ ለምናባዊ ፈረስ የሚሆን የጦር ልብስ በ2 ዶላር ከ50 ሳንቲም ሸጠ። ያን ጊዜ የካሴቱ ዘመን ሰዎች «የገዛነውን ጨዋታ ቍራጭ ዳግመኛ ትሸጡልናላችሁን?» ብለው ተሳለቁ። ዛሬ ግን እንዲህ ያለውን ልብስ መግዛት ለልጆቻቸው እንደ ተራ ነገር ሁኗል። የትውልድን ልዩነት ከዚህ ይልቅ የሚያሳይ ምሳሌ አይገኝም።

አፕል ኩባንያ በ2008 ለእጅ ስልክ የመተግበሪያዎች መደብር ከፈተ፤ በ2009ም በጨዋታው ውስጥ ሁኖ መግዛት የሚቻልበትን መንገድ ጨመረ። ከዚያ ወዲህ ብዙው ጨዋታ ያለ ዋጋ ይሰጥ ጀመር። «ኪንግ» የተባለው ኩባንያ በ2012 በስልክ ያወጣውን «ካንዲ ክራሽ» እንመልከት። ተጫዋቹ 5 ነፍስ ይሰጠዋል፤ በተሸነፈ ቍጥር አንዷን ያጣል፤ አንዷ ነፍስ እስክትመለስለት ድረስ 30 ደቂቃ መጠበቅ አለበት። መጠበቅ የማይወድ ግን ይከፍላል። የሚገዛው ዕቃ የለም፤ ከመጠበቅ መዳንን ብቻ ይገዛል። ይህን የመሰለ ንግድ ምን ያህል እንደሚያተርፍ ለማወቅ አክቲቪዥን ብሊዛርድ የተባለው ኩባንያ በ2016 ኪንግን በ5.9 ቢሊዮን ዶላር መግዛቱን ማስታወስ ይበቃል።

በዚህ ንግድ አብዛኛው ተጫዋች ምንም አይከፍልም። ወጪውን የሚሸፍኑት ጥቂቶች ናቸው፤ በነጋዴዎቹም ቋንቋ እነዚህ ብዙ የሚከፍሉት «ዓሣ ነባሪዎች» ይባላሉ። የማይከፍለውም ቢሆን ከንቱ አይደለም፤ ማስታወቂያ ይመለከታል፤ ለሚከፍለውም ባላጋራና ተመልካች ይሆንለታል። አባቶቻችን «ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል» ያሉት ለእንዲህ ያለው ነገር ይስማማል።

ከዚህም የባሰው የዕድል ሣጥን ነው። በዚህ አሠራር ተጫዋቹ በውስጡ ምን እንዳለ ሳያውቅ የተዘጋ ሣጥን ይገዛል፤ ሲከፍተው ውድ ነገር ወይም እርባና የሌለው ነገር ያገኛል። ለእኛ ወጣቶች ቅርብ የሆነውን የእግር ኳስ ጨዋታ ምሳሌ እናድርግ። ኤሌክትሮኒክ አርትስ የተባለው ኩባንያ በ1993 «ፊፋ» ብሎ ያወጣው ጨዋታ አንድ ጊዜ ተገዝቶ በሙሉ የገዢው የሚሆን ካሴት ነበር። በ2009 «አልቲሜት ቲም» የሚባል ክፍል ተጨመረበት፤ በዚህ ክፍል ተጫዋቾቹ በታሸገ የካርታ ጥቅል እየተገዙ ቡድን ይሠራባቸዋል። ታላቅ አጥቂ ይወጣ ይሆናል፤ ላይወጣም ይችላል። በሚቀጥለው ዓመት አዲሱ ጨዋታ ሲወጣ በብዙ ገንዘብ የተሰበሰበው ቡድን ከአሮጌው ጋር ይቀራል። ጨዋታው ከ2023 ወዲህ «ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ» የሚል ስም ቢይዝም አሠራሩ ያው ነው። ኩባንያው መጋቢት 2021 ላይ በተፈጸመው የሒሳብ ዓመት ከዚህ ዓይነት ክፍል ብቻ 1.62 ቢሊዮን ዶላር አስገብቷል፤ ይህም ከጠቅላላ ገቢው ከአራት አንዱን እጅ የሚበልጥ ነው። እንግዲህ የፕሌይስቴሽን ቤቱ ወጣት «ተሸናፊ ይከፍላል» ብሎ የሚጫወተውንና ታናሽ ወንድሙ በውጭ አገር ካርታ እየገዛ የሚጫወተውን አንድ ጨዋታ ነው ብለን ብንናገር ተሳሳትን ማለት ነው።

ለሻጮቹም ቢሆን እውነተኛ ፍርድ ልንፈርድላቸው ይገባል። ታላላቅ ጨዋታዎችን መሥራት ዛሬ እጅግ ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል። በ2020 የወጣው «ዘ ላስት ኦፍ አስ ክፍል ሁለት» ወደ 220 ሚሊዮን ዶላር እንደ ፈጀ በ2023 ለፍርድ ቤት ከቀረበ ሰነድ ታውቋል። የእንዲህ ያለው ጨዋታ ዋጋ ግን ለ15 ዓመት ያህል በ60 ዶላር ቆይቶ በ2020 ወደ 70 ዶላር ብቻ ነው የወጣው። ስለዚህ ነጋዴው ሌላ የገቢ መንገድ መፈለጉ አያስደንቅም። የሚነቀፈው መፈለጉ ሳይሆን ያገኘው መንገድ በልጅ ትዕግሥት ማጣት ላይ የቆመ መሆኑ ነው።

፭፤ ያለ መግባባቱ ከየት መጣ?

ከላይ የተናገርነውን አንድ ላይ ብናደርገው እንዲህ ይሆናል። የመጀመሪያው ዘመን ነጋዴ ተራን ሸጠ፤ ሁለተኛው ዕቃን ሸጠ፤ ሦስተኛው ግን የተጫዋቹን መመላለስ ይሸጣል። በመጀመሪያው ዘመን ጨዋታው ቶሎ ማለቁ፣ በሁለተኛው በደንብ ማለቁ፣ በሦስተኛው ደግሞ ከቶ አለማለቁ ለነጋዴው ይጠቅማል።

አሁን ወላጅ ወደሚሰጠው ምክር እንመለስ። «ስትጨርስ ተነሣ» የሚለው ትእዛዝ ለካሴቱ ዘመን መልካም ነበር፤ ዛሬ ግን የሚጨረስ ነገር የለም። በየቀኑ ለሚገባ ሽልማት ይሰጠዋል፤ አንድ ቀን የቀረ እንደ ሆነ የተከታታይ ቀናቱ ቍጥር ይቋረጥበታል፤ ወቅቱ ሳያልቅ ያላገኘው ልብስም ያመልጠዋል። «ይህን ያህል ሰዓት ከሆነ አጥፋው» የሚለውም ብዙ ጊዜ ጠብ ያመጣል፤ ልጁ ከሌሎች አራት ጓደኞቹ ጋር በአንድ ቡድን ሲጫወት በመካከል ቢያጠፋው የሚሸነፉት እነርሱ ናቸውና። ይህን የማያውቅ አባት ልጁ ለመሣሪያ ብሎ እርሱን የናቀው ይመስለዋል፤ ልጁ ግን ለጓደኞቹ የገባውን ቃል ለመጠበቅ ይጣጣራል።

ልጁም በበኩሉ የማያስተውለው ነገር አለ። «በነፃ ነው» ሲል ካልተከፈለበት ነገር ማንም አያተርፍም ብሎ ማሰቡ ነው። ደግሞም ገዛሁ የሚለው ነገር የራሱ ይመስለዋል። ዩቢሶፍት የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ በ2014 «ዘ ክሩ» የተባለ የመኪና እሽቅድምድም ጨዋታ ሸጠ፤ መጋቢት 31 ቀን 2024 ግን ጨዋታው የሚመራበትን ሰርቨር ዘጋ። ገንዘብ ከፍለው የገዙት ሁሉ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሊጫወቱት አልቻሉም። ከዚህና ይህን ከመሰለው የተነሣ ካሊፎርኒያ በ2024 ሕግ አውጥታ፣ እንዲህ ያለውን ነገር የሚሸጥ ነጋዴ ገዢው የሚያገኘው የመጠቀም ፈቃድ ብቻ መሆኑን በግልጽ እንዲነግረው አዛለች፤ ሕጉም ከ2025 መጀመሪያ አንሥቶ ይሠራበታል። በካሴቱ ዘመን ያደገው አባት መሣሪያው ከተረፈለት የድሮውን ጨዋታ ዛሬም ሊከፍተው ይችላል፤ ልጁ ግን ካርታውንም ልብሱንም ለልጁ ሊያወርስ አይችልም።

እንግዲህ «የእኛ ዘመን ይሻል ነበር» ብለን በደፈናው መፍረድ አይገባንም። የሳንቲሙ ዘመን ልጅም ገንዘቡን ለሦስት ደቂቃ ጨዋታ አፍስሷል። የዛሬውም ልጅ በጨዋታው ውስጥ ወዳጅ ያገኛል፤ በተለያየ አገር የሚኖሩ የአክስትና የአጎት ልጆች በየሳምንቱ የሚገናኙት በዚሁ ነው። ያለ ዋጋ መሰጠቱም ሰባ ዶላር ለሌለው ልጅ በር ከፍቶለታል። ልዩነቱ ትውልድ በመበላሸቱ ሳይሆን ገበያ በመለወጡ መሆኑን ማወቅ ነው ዋናው ቁም ነገር።

፮፤ ሕግ ምን አደረገ?

መንግሥታት ነገሩን ዘግይተውም ቢሆን ተመልክተውታል። ጃፓን በ2012 በዕድል የሚወጡ ነገሮችን አሟልቶ የሰበሰበ ብቻ ሽልማት የሚያገኝበትን አንዱን ዓይነት አሠራር ከሕግ ውጭ አደረገች። የቤልጂግ የቁማር ኮሚሽን በ2018 በገንዘብ የሚገዛ የዕድል ሣጥን ቁማር ነው ብሎ ስለ ወሰነ፣ የእግር ኳሱን ጨዋታ የሚሠራው ኩባንያ በ2019 መጀመሪያ በዚያ አገር ለካርታው የሚሆነውን ገንዘብ መሸጥ አቆመ። በሆላንድ ግን ከፍተኛው የአስተዳደር ፍርድ ቤት በ2022 ለኩባንያው ፈርዶ የተጣለበትን 10 ሚሊዮን ዩሮ መቀጫ አነሣለት። በሁለት ጎረቤት አገሮች እንኳ ፍርዱ አንድ አልሆነም።

በአሜሪካ አፕል በ2014 ልጆች ያለ ወላጅ ፈቃድ ለገዙት ቢያንስ 32.5 ሚሊዮን ዶላር ለመመለስ ተስማማ። «ፎርትናይት» የተባለውን ጨዋታ የሚሠራው ኤፒክ ጌምስ ደግሞ በ2022 በድምሩ 520 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል፤ ከዚህም 245 ሚሊዮኑ ተጫዋቾች ሳይፈልጉት በሚያሳስት አሠራር ለከፈሉት መመለሻ ነው። ቻይና በ2021 ከ18 ዓመት በታች የሆኑት ዓርብ፣ ቅዳሜ፣ እሑድና በበዓል ቀን ከምሽቱ ሁለት ሰዓት እስከ ሦስት ሰዓት ብቻ በኢንተርኔት እንዲጫወቱ ወሰነች። ደቡብ ኮርያ በአንጻሩ ከ16 ዓመት በታች የሆኑትን ከእኩለ ሌሊት እስከ ንጋት 12 ሰዓት የሚከለክለውን የ2011 ሕጓን በ2022 መጀመሪያ ሻረች፤ ውሳኔውን ለቤተ ሰብ ተወችው። የዓለም የጤና ድርጅትም በ2019 ባጸደቀውና ከ2022 ጀምሮ በሚሠራበት የበሽታዎች መዝገብ ውስጥ ከልክ ያለፈ የጨዋታ ልማድን እንደ ሕመም አስገብቶታል። ሕመም የሚባለው ግን ሰው ራሱን መግታት ሲያቅተው፣ ጨዋታውን ከሌላው ኑሮ ሁሉ ሲያስቀድምና ጉዳቱን እያየ ሲቀጥልበት፣ ይህም ብዙ ጊዜ ዓመት ያህል ሲቆይ ነው፤ ጨዋታ የሚወድ ልጅ ሁሉ በሽተኛ አይደለም።

ከዚህ ሁሉ የምንረዳው ሕግ አጥር ሊሆን ቢችልም ጠባቂ ሊሆን እንደማይችል ነው። ጠባቂው ያው ቤተ ሰቡ ነው።

፯፤ በቤት ውስጥ ምን ይደረግ?

አንደኛ፤ ወላጅ ከመፍረዱ በፊት ከልጁ አጠገብ ተቀምጦ ጨዋታውን ይመልከት፤ ቢችልም አብሮ ይጫወት። ከዚያም «ይህ ነገር ያልቃል ወይ? ሻጩ ገንዘቡን የሚያገኘው መቼ ነው? ከማን ጋር ነው የምትጫወተው?» ብሎ ይጠይቅ። እነዚህን ሦስቱን በሚገባ የመለሰ ልጅ የነጋዴውን ጥበብ ራሱ ያስተውለዋል። ልጅ መታለልን አይወድም፤ እንዴት እንደሚታለል ብናሳየው ከክልከላው ይልቅ ይህ ይጠብቀዋል።

ሁለተኛ፤ ወሰኑ በደቂቃ ብቻ ሳይሆን በግጥሚያ ቍጥር ይሁን። «ከሁለት ግጥሚያ በኋላ» የተባለ ልጅ ጓደኞቹን ሳይከዳ ሊነሣ ይችላል። ቃሉን ሲጠብቅ ይመስገን፤ ሲያፈርስ ግን ውሉ የራሱ ስለ ሆነ ተግሣጹን ያለ ብዙ ክርክር ይቀበላል።

ሦስተኛ፤ የገንዘቡ በር ይዘጋ። የክሬዲት ካርድ ቍጥር በልጅ መሣሪያ ላይ አይቀመጥ፤ ለእያንዳንዱ ግዢ የምስጢር ቍጥር እንዲጠየቅ ይደረግ፤ የምስጢሩንም ቍጥር ልጁ አይወቀው። ይህ በተለይ በውጭ አገር ለሚኖሩት ወገኖቻችን ያስፈልጋል። በአገር ውስጥም በስልክ መክፈል እየቀለለ በሄደ መጠን ከወዲሁ ሊታሰብበት የሚገባ ነው።

አራተኛ፤ ሒሳብ ይሠራ። በወር 10 ዶላር ለልብስና ለዕድል ሣጥን የሚያወጣ ወጣት በዓመት 120 ዶላር አወጣ ማለት ነው፤ ይህም መጀመሪያና መጨረሻ ያለውን አንድ ሙሉ ጨዋታ በ70 ዶላር ገዝቶ 50 ዶላር የሚያስተርፍ ነው። ይህን ስሌት አባት ለልጁ ከሚነግረው ይልቅ ልጁ ራሱ በእርሳስ ቢሠራው ይሻላል።

አምስተኛና የመጨረሻው፤ የሚዘጋ በር እንሥራ። የፕሌይስቴሽን ቤቱ ባለቤት ማታ በሩን ይዘጋ እንደ ነበረ፣ በቤትም ስልኩ ከልጁ መኝታ ውጭ የሚያድርበት ቦታና ሰዓት ይወሰን። ወሰኑ ግን ለልጁ ብቻ ተወስኖ አባት እስከ እኩለ ሌሊት ስልኩን የሚዳብስ ከሆነ ምክሩ ከከንፈር አያልፍም። ካንዲ ክራሽን የሚጫወቱት ብዙዎቹ ልጆች ሳይሆኑ ዐዋቂዎች ናቸውና የዕድሜ ነገር እዚህ ላይ አያመካኝም።

ገበያው ነገ ደግሞ ሌላ መልክ ይይዛል፤ ዛሬ በስልክ የሚጫወተው ልጅም አባት ሲሆን የልጁ ጨዋታ ግራ ያጋባዋል። ያን ጊዜ የሚጠቅመው ከአባቱ የተማረው የጥያቄ ልማድ ነው። ከልጆቻችን ጋር በጨዋታ ብዛት ከመሟገት ይልቅ «በዚህ ጨዋታ ውስጥ የሚሸጠው ምንድን ነው?» ብለን አብረን ብንመረምር፣ አባትና ልጅ በአንድ ወገን ቁመው ነጋዴውን በአስተዋይ ዓይን ሊመለከቱት ይችላሉ እንላለን።